ንብረት ነው ወይስ አደራ?
ስለ አርሲ የትውልድ ሐረግና ስለ ቤተ መጻሕፍት ማኅተም

"በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። በመጽሐፍ የተያዘውን የሚወርሰው ማን ነው? ቃሉን የሰጠው ወገን ነው? ሰምቶ የጻፈው ሰው ነው? ወይስ መጽሐፉ የተቀመጠበት መደርደሪያ ባለቤት?

ጥያቄውን ያነሳሁት ከአንድ ገጠመኝ ተነስቼ ነው። ጥቂት ዓመታት ይሆነኛል፤ በዴራና በኢተያ በኩል የኩሉምሳን የስንዴ ማሳ አልፌ ወደ አርሲ ደጋ ወጥቼ ነበር። እዚያ ካሉት ከተሞች በአንዱ፣ ስሙን መጥራት ወደማያስፈልገኝ ቤተ መጻሕፍት ጎራ አልኩ። የፈለግሁት የአንድ ጎሳን የትውልድ ሐረግ የያዘ ጥራዝ ነበር። በታይፕ የተመታ፣ ስልሳ ገጽ የማይሞላ ነገር ነው። አንድ የአካባቢው መምህር ከሽማግሌዎች አፍ እየሰሙ እንዳጠናቀሩት ተነግሮኛል። ጥራዙ መጣልኝ። በየገጹ ራስጌ ላይ ክብ ማኅተም ተመትቶበታል። ሁለት ሦስት ገጽ ካነበብኩ በኋላ ስልኬን ከኪሴ ሳወጣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ከወንበራቸው ተነሱ።

"ወንድሜ፣ ፎቶ ማንሳት አይቻልም።"

"ስለምን እህቴ?"

"የቤተ መጻሕፍቱ ንብረት ነዋ! ዛሬ ያነሱታል፣ ነገ ኢንተርኔት ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ እኛ ዘንድ ማን ይመጣል?"

"ማንበብስ?"

"ማንበብ እስኪመሽ ይችላሉ።"

እስኪመሽ አነበብኩ። ከገጾቹ በአንዱ፣ ከአንድ ስም አጠገብ፣ በእርሳስ የተጫረች አንዲት ቃል አገኘሁ። "ጉዲፈቻ" ትላለች። ማን እንደጻፋት አይታወቅም። ስሙ እኔ ከምቆጥረው ሐረግ ውስጥ ይሁን አይሁን ለአንባቢ አልናገርም፤ ለምን እንደማልናገር ወደ ኋላ ግልጽ ይሆናል።

በማግሥቱ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄጄ ያንኑ ሐረግ በቃላቸው እንዲቆጥሩልኝ ለመንኳቸው። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ቆጠሩልኝ። እዚያች ስም ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው እንኳ አልተለወጠም፤ የእገሌ ልጅ እገሌ ብለው አለፉ። "ኦቦ፣ ይኸኛው እኮ…" ብዬ ስጀምር አላስጨረሱኝም።

"የእሱ ልጅ ነው። ሌላ የምናውቀው የለም ልጄ" አሉኝ።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ነገር በሙሉ እነዚህ ሁለት ሰዎች መሀል ያለ ነው። አንደኛዋ ወረቀቱን ከለከሉኝ፤ ሁለተኛው ቃሉን በነጻ ሰጥተው አንዲት ነገር አስቀሩ። የትኛው ነው በትክክል የጠበቀው?

ሐረግ መቁጠር ምን ይሠራል?

ለከተማ ሰው የትውልድ ሐረግ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ሊመስለው ይችላል። በአርሲ ግን ሐረግ የሚሠራ ነገር ነው። አርሲዎች ራሳቸውን በሁለት ታላላቅ ቅርንጫፎች ይከፍላሉ፤ ሲኮና ማንዶ ይባላሉ። ሰባቱ ሲኮ፣ አምስቱ ማንዶ እየተባለ ይቆጠራል። በእነዚህ ሥር ጎሳዎች አሉ፤ በጎሳዎቹ ሥር ደግሞ እስከ ቤተሰብ ድረስ የሚወርዱ ንዑሳን ክፍሎች። "ሂዳ ዸሎታ" ይሉታል፤ የትውልድ ሥር እንደማለት ነው። ልጅ ከአባቱ ተነስቶ አካካዩን፣ አባባዩን እያለ ወደ ላይ መቁጠር ይማራል።

ይህ ቆጠራ ሁለት ትላልቅ ሥራዎች አሉት። የመጀመሪያው ጋብቻ ነው። የአንድ ጎሳ ልጆች አይጋቡም። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት የሁለቱ ወገኖች ሐረግ ይቆጠራል፤ አንድ ቦታ ላይ ከተገናኘ ነገሩ እዚያው ይቆማል። ሁለተኛው ጉማ ነው። ነፍስ ሲጠፋ ካሣውን የሚከፍለው ገዳዩ ብቻውን ሳይሆን ጎሳው አዋጥቶ ስለሆነ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚያዋጣ የሚነግረው ሐረጉ ነው። ስለዚህ የትውልድ ቆጠራ ማን ማንን ማግባት እንደሚችል፣ ማን ለማን እንደሚከፍል የተመዘገበበት ያልተጻፈ መዝገብ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ እርሳሷ እንመለስ። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል የአማርኛችን ሕግ ከኦሮምኛ የተዋሰው ነው፤ የቤተሰብ ሕጋችንም ይጠቀምበታል። በጉዲፈቻ የገባ ልጅ የአሳዳጊውን ስም፣ የአሳዳጊውን ሐረግ፣ የአሳዳጊውን የጋብቻ ክልክልና የጉማ ዕዳ ይወርሳል። ከዚያ ቀን በኋላ "ይህ እኮ የወለዱት አይደለም" ማለት እውነት መናገር ሳይሆን ነውር መሥራት ነው። ከአንድ ልጅ አልፎ ሰዎችን በጅምላ ወደ ጎሳ የሚያስገባው የሞጋሳ ሥርዓትም አለ። ጀርመናዊው የታሪክና የባህል አጥኚ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር እንደጻፉት፣ ዛሬ አርሲ ከሚባሉት ጎሳዎች ብዙዎቹ ሥራቸውን ከሐዲያ ይመዝዛሉ። ይህ የአርሲ ጉድለት አይደለም፤ አንድ ሕዝብ ሕዝብ የሆነበት መንገድ ነው። ሐረጉ የደም ምርመራ ውጤት ሆኖ አያውቅም። ቃል ኪዳን ጭምር ነው።

አዛውንቱ "ሌላ የምናውቀው የለም" ያሉኝ ውሸታቸውን አልነበረም። ሥርዓቱ እንዲያውቁ የፈቀደላቸው ያንኑ ነው።

የማኅተሙ ወገን ምን ይላል?

በዚህ ጉዳይ የሚከራከሩት ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛው "ይለቀቅ!" ይላል። የሕዝብ ታሪክ የሕዝብ ነው፤ ስካን ተደርጎ ኢንተርኔት ላይ ይውጣ፣ ሚኒሶታ ያለውም ሲድኒ ያለውም የአያቱን ስም ይፈልግበት ባይ ነው። ሌላኛው "ይጠበቅ!" ይላል። ያሰባሰብነው፣ ያስጠረዝነው፣ ከአይጥና ከዝናብ ያተረፍነው እኛ ነን፤ ዛሬ በነጻ ከለቀቅነው ነገ ስማችንን የሚያነሳም አይኖርም ባይ ነው።

የሁለተኛውን ወገን ስጋት እንዲሁ በቀላሉ መናቅ አይገባም። ይህች አገር በመጽሐፎቿ ተነድታለች። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ዘርፎ ከወሰዳቸው ብራናዎች ሦስት መቶ ሃምሳ ያህሉ ዛሬ በለንደኑ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1872 ደብዳቤ ጽፈው የተመለሰላቸው ክብረ ነገሥት ነው። አሁን ከእነዚያ ብራናዎች መካከል የተወሰኑት በምስል ኢንተርኔት ላይ ወጥተዋል። ሊቃውንቶቻችን ምስሉን አዲስ አበባ ተቀምጠው ያያሉ፤ ብራናው ግን አልመጣም። ይህን ያየ የቤተ መጻሕፍት ሰው "ቅጂ ልስጥህ" ሲሉት "ዋናውን ልውሰድ" ያሉት ቢመስለው ይፈረድበታል? በየወረዳው ደግሞ ትንሹ መቅደላ አለ። ተመራማሪ ይመጣል፣ ይቀዳል፣ ይሄዳል፤ መጽሐፉ ሲታተም አንድ ቅጂ እንኳ አይደርስም።

ይሁን እንጂ ስጋቱ እውነት ስለሆነ መከራከሪያው እውነት አይሆንም። "ንብረት ነው" የተባለው ምኑ ነው? ወረቀቱ ከሆነ፣ አዎን፣ የቤተ መጻሕፍቱ ነው፤ ማኅተሙ የሚመሰክረውም ይህንኑ ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚጠብቀው የደራሲን ሥራ ነው፤ ሐሳብንና ተራ መረጃን አይጠብቅም። "የእገሌ አባት እገሌ ነው" የሚለው ዓረፍተ ነገር ደራሲ የለውም። በጥራዙ አደራደርና አጻጻፍ ላይ መብት አለ ከተባለ፣ መብቱ የመምህሩ ነው፤ እሳቸው ካለፉም አዋጁ እንደሚለው እስከ ሃምሳ ዓመት የወራሾቻቸው ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ጥራዙን ስለተረከበ ብቻ የድርሰት ባለመብት አይሆንም።

በውጭው ዓለምም ጉዳዩ ተፈትኗል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 በአንድ የስልክ ማውጫ ክርክር ላይ ስምና ቁጥር መሰብሰብ ድካም ቢሆንም ድካሙ ብቻውን የቅጂ መብት አይሰጥም ሲል ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ አንድ የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት የጥንት ሥዕልን እንዳለ ፎቶ ያነሳ ሰው በፎቶው ላይ አዲስ መብት አያገኝም አለ። እነዚህ ፍርዶች አሰላን አያስገድዱም፤ ቢሆንም ጥያቄው የትም አንድ መሆኑን ያሳያሉ።

ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ተግባሩ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ጥራዝ፣ ያውም ዝናብና ጭጋግ በሚበዛበት ደጋ፣ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ "ንብረታችን ነው" ሲባል "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" የሚለውን ያስታውሳል። አንድ ቀን ጣሪያው ቢያፈስ ማኅተሙም ወረቀቱም አብረው ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ባለቤት የሚሆነው ማን ነው?

መጽሐፎቹስ የት አሉ?

ስለ አርሲ የተጻፉትን ዋና ዋና መጻሕፍት ስናስብ ነገሩ የባሰ ይከፋል። የፍራንክፈርቱ ፍሮቤኒዩስ ተቋም ባልደረባ አይከ ሐበርላንድ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በደቡብ ኢትዮጵያ ባደረጉት ጥናት ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ1963 ወፍራም መጽሐፍ አሳተሙ። በጀርመንኛ ነው፤ ርዕሱም ዛሬ ኦሮሞ የማይቀበለውን ስያሜ የያዘ ነው። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ፖል ባክስተር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአርሲ ተቀምጠው አጠኑ። የብራውኬምፐር የሐዲያ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1980 በጀርመንኛ ወጥቶ፣ እንግሊዝኛው የመጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የሽማግሌዎቹ ልጆች አያቶቻቸው የተናገሩትን ለማንበብ መጀመሪያ ጀርመንኛ መማር፣ ወይም ሠላሳ ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚለየው የአባስ ሐጂ ገነሞ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስለ አርሲ ታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪ ጽሑፍ አቀረቡ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ2014 ከ1880ዎቹ ወረራ እስከ 1974 ያለውን የሚመለከት ትልቅ መጽሐፍ አሳተሙ። በእኔ አስተያየት የመጽሐፉ ትልቁ ጉልበት የአርሲን ሽማግሌ ቃል እንደ ተረት ሳይሆን እንደ ምስክርነት ከሰነድ ጎን ማስቀመጡ ነው። በሐረግ ቆጠራ የሚታወቀው ነገር በመዝገብ ቤት ወረቀት ይፈተናል፤ ወረቀቱም በተራው በሽማግሌው ይፈተናል። ይህን ያህል ከተመሰገነ ግን ወቀሳውም ይነገር፤ ወቀሳው ደራሲውን ሳይሆን የኅትመቱን ዓለም ይመለከታል። መጽሐፉ የወጣው ሆላንድ ውስጥ፣ በእንግሊዝኛ፣ የቦቆጂ መምህር ደመወዝ በማይደፍረው ዋጋ ነው። በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ርካሽ እትም ኖሮት ቢሆን ስንት ክርክር ባስቀረልን!

በሌላ በኩል በዩኒቨርሲቲዎቻችን የታሪክ ክፍሎች የቆየ አንድ ልማድ አለ። የመመረቂያ ጽሑፉ መጨረሻ ላይ ቃላቸውን የሰጡ ሰዎች ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ ምልልሱ የተደረገበት ቦታና ቀን ይዘረዘራል። ጥሩ ልማድ ነው፤ ባለቃሉ ይታወቃል። ጽሑፉ ስድስት ኪሎ መደርደሪያ ላይ በነበረ ጊዜ የሚያነበው ተማሪና መምህር ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብዙዎቹን ጽሑፎች ስካን አድርጎ ለዓለም ከፍቷቸዋል። ለተመራማሪ በረከት ነው፤ እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ነገር ግን ያ ሽማግሌ ቃሉን የሰጠው ለአንድ ተማሪ ነበር። ስለ ጎረቤቱ ጎሳ አመጣጥ የተናገረው፣ ከሙሉ ስሙና ከቀበሌው ጋር፣ የጎረቤቱ የልጅ ልጅ በስልኩ ሊያነበው እንደሚችል ማን ጠየቀው? "ይለቀቅ!" ባዮች ይህን ጥያቄ አንድ ጊዜ እንኳ ሲያነሱ አልሰማሁም።

ቅጂው ሲጓዝ፣ ብራናው ሲቀር

ቤተ መጻሕፍት ሳይዘረፍ ማጋራት እንደሚቻል የሚያሳይ የራሳችን ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤት ከሚኒሶታው የቅዱስ ዮሐንስ የብራና ቤተ መጻሕፍትና ከቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተስማምቶ የኢትዮጵያ ብራናዎችን በማይክሮፊልም ማንሳት ተጀመረ። ብራናው ከያለበት ደብርና ገዳም ተነሥቶ ባሕር አልተሻገረም። የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው ኮሌጅቪል ተቀመጠ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ብራናዎች ተነሡ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ዊልያም ማኮምበር በአሥር ጥራዝ ካታሎግ ዘረዘሯቸው። ጌታቸው በአብዮቱ ጊዜ በጥይት ተመትተው፣ ከአገር ወጥተው፣ ቀሪ ዘመናቸውን እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስ በዚሁ ሥራ ላይ አሳለፉ። ዛሬ ከምስሎቹ ብዙዎቹን ስሙን አስመዝግቦ የገባ ሁሉ በነጻ ያያቸዋል።

ይህ ከትውልድ ሐረግ ጋር ምን ያገናኘዋል ቢባል፣ በጣም ያገናኘዋል። በሰሜኑ ክፍል የርስት ክፍፍል፣ የስጦታና የውርስ ውል የሚጻፈው በደብሩ ወንጌል ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመውን የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪካቸውን የገነቡት ከእነዚህ ጽሑፎች ነው። ብራናውን ፎቶ ያነሳ ሰው ሳያስበው የአንድን አውራጃ ቤተሰቦች መዝገብ ፎቶ አንሥቷል። ከጦርነትና ከቃጠሎ የጠፋ ብራና ቢኖር እንኳ ምስሉ ተርፏል። መገልበጥ ማትረፍ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም።

ያም ሆኖ በጎጃም በኩል የሐረግ ዕውቀት ለምን እንደሚደበቅ አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የአማራ የርስት ሥርዓት ጥናት ማየት ይቻላል። ርስት የሚጠየቀው ወደ ዋናው አባት በመቁጠር ነበር፤ በአባትም በእናትም በኩል መቁጠር ስለሚቻል፣ ጠለቅ አድርጎ የሚያውቅ ሰው ተፎካካሪውን በሸንጎ ይረታዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ሐረግን ለሁሉም መዘርዘር የራስን ማሳ መዘርዘር ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ያ ሙግት አከተመ። ስለዚህ የጎጃሙ ምሥጢር ምክንያቱ አልፏል ማለት ይቻላል። የአርሲው እርሳስ ምክንያት ግን አላለፈም። ከባርነት የተወለደ፣ ከቀጥቃጭ ወይም ከፋቂ ቤት የመጣ፣ በጉዲፈቻ የገባ እየተባለ ዛሬም ጋብቻ ይፈርሳል። ከዚያም የከፋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 በሩዋንዳ በመታወቂያ ላይ የሰፈረች አንዲት ቃል ሞትና ሕይወትን ለይታለች። ስለራሳችን አገር ማብራራት የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።

አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች፤ መልካም ጅምር ነው። ሆኖም አዋጅ ሁሉንም አይደርስበትም። በሐረጉ ላይ ያለው ሰው ከሞተ ቆይቷል ይባላል። እኛ ግን የአባታችንን ስም ከስማችን ቀጥለን የምንሄድ ሰዎች ነን። በሟቹ ስም አጠገብ የተጻፈው በሕያው ልጅ ልጁ ላይ ይነበባል።

ሌሎች እንዴት አደረጉት?

በዚህ ረገድ አይስላንድ ደህና ምሳሌ ትሆናለች። እ.ኤ.አ. በ2003 የሕዝቡን የትውልድ ሐረግ በኢንተርኔት ከፈቱ፤ ግን በሩን ለዜጎቻቸው ብቻ ነው የከፈቱት። በመለያ ቁጥሩ የገባ ሰው የራሱን አባቶች፣ የቅርብ ዘመዶቹን፣ ከሌላ ሰው ጋር የት እንደሚገናኝ ያያል፤ የሌላውን ቤት ገብቶ መበርበር አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ወጣቶች ከመዋደዳቸው በፊት ዘመድ መሆን አለመሆናቸውን በስልክ የሚያረጋግጡበት መላ መጣ። ዓለም ሳቀ። አርሲ ቢሰማ ግን አይስቅም ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ይህንኑ ሥራ ያለ ስልክ ሲሠሩት ኖረዋል።

በአውስትራሊያም የዋሩሙንጉ ነባር ሕዝብ ከምሁራን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2007 ሙኩርቱ የተባለ መዝገብ አቋቋመ። የትኛውን ምስልና ቃል ማን እንደሚያይ፣ ለሴቶች ብቻ፣ ለቤተሰብ ብቻ፣ ወይም ለሁሉም መሆኑን የሚወስነው ማኅበረሰቡ ራሱ ነው። ከሁለቱ አገሮች የምንማረው መክፈትና መዝጋት አንድ በር ብቻ እንዳልሆኑ ነው። ቤት ውስጥ ሳሎንም አለ፣ ጓዳም አለ።

ወደ እኛ ስንመልሰው ነገሩ እንዲህ ቢሆን እላለሁ። መጀመሪያ ጥራዙ ይገልበጥ፤ አንድ ቅጂ እዚያው፣ አንድ ቅጂ በኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ወይም በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም፣ አንድ ቅጂ ደግሞ ለጎሳው ሽማግሌዎች ይሰጥ። የሩቁ ዘመን አባቶች ስም፣ ሲኮና ማንዶ ያሉበት ላይኛው ክፍል፣ ለሁሉም ይከፈት፤ ማንንም አይጎዳም፣ ብዙዎችን ያስተምራል። የቅርቦቹ ትውልዶችና በኅዳግ ላይ ያሉት ማስታወሻዎች ግን የጎሳው ፈቃድ ሳይጠየቅ አይውጡ። የመምህሩና የባለቃሎቹ ስም፣ የቤተ መጻሕፍቱም ስም፣ ቅጂው በሄደበት ሁሉ አብሮ ይሂድ። ኃላፊዋ የፈሩት መረሳትን ከሆነ፣ የመረሳት መድኃኒቱ መጠቀስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ ጥራዝ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የወንዶች ስም ብቻ ነው። አርሲ ሴት አግብታም የአባቷን ጎሳ እንደያዘች ትኖራለች፤ ሲንቄዋን ይዛ የቆመች ሴት በጠብ መሀል ስትገባ ወንዶች ይገታሉ። በሐረጉ ዝርዝር ውስጥ ግን እናት የለችም። ሽማግሌዎቹ የሚያልፉትን ሁሉ ዝምታ ማክበር አለብን ስል፣ ይህኛውን ዝምታ ጨምሬ አይደለም። መዝገቡ እንደገና የሚገለበጥ ከሆነ፣ ሴቶቹ አያቶች ገና በሕይወት እያሉ ተጠይቀው የእናቶቹ ስም ይግባበት።

የእርሳሱ ነገር

ከከተማው ከመውጣቴ በፊት ተመልሼ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩ። ለኃላፊዋ ያሰብኩትን ለመንገር ነበር። እርግጡን ለመናገር፣ ለወቀሳም ተዘጋጅቼ ነበር። "ፎቶ ከለከሉኝ፤ ያንን ለማንም አላፊ አግዳሚ የማይነበብ የእርሳስ ጽሑፍ ግን እስኪመሽ ድረስ አስነበቡኝ" ልላቸው ነው። ግማሹን እንኳ ሳልጨርስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"እርሳሱን አይተውታል?" አሉኝ።

"አይቻለሁ።"

"እኔም ካየሁት ቆይቷል። ሁለት ጊዜ ላጲስ ይዤ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ። የመንግሥት ሰነድ እንዴት ይፈቃል? እንዳለስ እንዴት ይተዋል? የሰዎቹን ልጆች አውቃቸዋለሁ፤ እዚህ ነው መጥተው የሚያነቡት። ስለዚህ ፎቶ አይነሳም አልኩ። ለሰው ምን ብዬ ላስረዳ? ንብረት ነው ማለት ይቀላል።"

ወቀሳዬን ይዤ ተመለስኩ። ሴትዮዋ ወረቀት የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር፤ የሚጠብቁት አዛውንቱ የጠበቁትን ሰው ኖሯል። የተቸገሩት ቃል አጥተው ነው። የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ የሰጣቸው ቃል "ንብረት" የምትል ብቻ ስለሆነች፣ ሊሉት የፈለጉትን ሁሉ በእሷ አሉት።

ክርክሩን የሚያበላሸውም ይኸው ቃል ይመስለኛል። ንብረት ያለው ሰው ይሸጣል፣ ይከለክላል፣ ይቆልፋል፤ ለማንም መልስ የመስጠት ግዴታ የለበትም። አገራችን ግን ለእንዲህ ያለው ነገር የቆየ ቃል አላት፤ አደራ። አደራ የተቀበለ ሰው ነገሩ የራሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ እንዲጠፋም፣ እንዲበላሽም፣ ላልታሰበለት ሰው እንዲደርስም አይፈቅድም። ባለቤቱ ሲመጣ ግን ይሰጣል። "አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ" ይባል የለ? ቤተ መጻሕፍቶቻችን "ንብረታችን ነው" ማለቱን ትተው "አደራችን ነው" ቢሉ፣ ለሚገባው ማካፈሉም ለማይገባው መከልከሉም ምክንያት ያገኛል። "ይለቀቅ!" የሚሉትም የሚለቁት የሰው ቃል ኪዳን መሆኑን ያስቡበታል።

ያን ዕለት ስልኬን ከኪሴ አላወጣሁም። ጥራዙ አሁንም አንድ ቅጂ ብቻ ነው።